መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሮቹ ሰርቨሩን በስሙ አያገኙትም፤ በቁጥሩ ግን ይከፈታል (ድሬዳዋ)

ከዚራ_አይቲ
ሰኞ፣ ጠዋት 3፡10

ሰላም ለመድረኩ። ድሬዳዋ ከዚራ ያለ ቢሮ ነው። 38 ኮምፒውተር፣ አንድ ዊንዶውስ ሰርቨር 2019 (ሰው በይለፍ ቃሉ ሲገባ የሚያረጋግጠው ዶሜን ኮንትሮለሩም፣ ስምን ወደ ቁጥር የሚመልሰው ዲኤንኤሱም፣ ለማሽኖቹ አድራሻ የሚያድለው ዲኤችሲፒውም፣ የፋይል ማስቀመጫውም እሱ ነው)፣ አንድ ማይክሮቲክ ራውተር፣ ሁለት ባለ 24 ፖርት ስዊች። ሰርቨሩ 192.168.10.5፣ ራውተሩ 192.168.10.1። የሰርቨሩ ሙሉ ስም ፋይል1.ድሬ.ሎካል።

ችግሩ የሚጀምረው መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። ኮምፒውተሮቹ ከተነሱ በኋላ ግማሽ ያህሉ በስሙ ሲጠሩት «አልተገኘም» ይላሉ። 192.168.10.5 ብዬ ስጽፍ ወዲያው ይከፈታል። ኢንተርኔት በሁሉም ላይ ይሠራል። ሂሳብ ክፍል የሂሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ የሚያነበው ፎልደር በሙሉ ስሙ ስለተያዘ ሥራቸው ይቆማል። ጥቂት ቆይቶ አንዳንዱ ራሱ ይድናል፣ አንዳንዱ ሪስታርት ሲደረግ ይድናል፣ አንዳንዱ ሪስታርት ተደርጎም አይድንም። ገመድ ቀይሬያለሁ፣ የስዊች ፖርት ቀይሬያለሁ። አሁን አንድ ባለሙያ ሁሉም ማሽን ላይ ሆስትስ ፋይል ውስጥ ስሙንና ቁጥሩን ጻፍ አለኝ። ልጻፍ?


ለገሃሬ
ሰኞ፣ ጠዋት 3፡45

አትጻፍ። በቁጥሩ ከተከፈተ ገመዱም፣ ስዊቹም፣ ሰርቨሩም ደህና ናቸው፤ የጎደለው ስሙን ወደ ቁጥር የሚመልስልህ ነው። 38 ማሽን ላይ በእጅ የተጻፈ ቁጥር፣ ሰርቨሩ አድራሻ የቀየረ ቀን 38 ጠረጴዛ ያዞርሃል። ከዚያ በላይ ደግሞ አሁን የምንፈልገውን ጥፋት ይሸፍንብናል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ሪስታርት ሳታደርግና ካሽ (ማሽኑ ለጊዜው የያዛቸውን የስም መልሶች) ሳታጸዳ፣ ከአንድ የታመመና ከአንድ ጤነኛ ማሽን በአንድ ሰዓት ላይ የሚከተለውን ያዝልኝ። መጀመሪያ አይፒኮንፊግ /ኦል። ከሱ የምፈልገው የማሽኑን አድራሻ፣ የዲኤችሲፒ ሰርቨሩን አድራሻና በ«ዲኤንኤስ ሰርቨርስ» መስመር ስር ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ በቅደም ተከተላቸው ነው፤ ከአንደኛው ስር የተደረደሩትን አትዝለላቸው። ቀጥሎ ኤንኤስሉክአፕ በሙሉ ስሙ። ቀጥሎ ፒንግ በሙሉ ስሙ፣ ከዚያ ፒንግ በአጭር ስሙ (ፋይል1 ብቻ)። መጨረሻ ላይ አይፒኮንፊግ /ዲስፕሌይዲኤንኤስ፤ በውስጡ የሰርቨሩ ስም ካለ ከስሩ የተጻፈውን ቅዳው።

ኤንኤስሉክአፕና ፒንግ ለየብቻ የሚታዩበት ምክንያት አለ። ኤንኤስሉክአፕ የማሽኑን ካሽ አያይም፣ ሆስትስ ፋይልንም አያይም፤ በቀጥታ ዝርዝሩ ላይ ያለውን አንደኛ ዲኤንኤስ ይጠይቃል። ፒንግ ግን እንደ ማንኛውም ፕሮግራም በዊንዶውሱ የስም አገልግሎት በኩል ነው የሚሄደው። የሁለቱ መልስ ከተለያየ ጥፋቱ የት እንዳለ ግማሹን ነግረውናል።


ሳቢያን_ቴክ
ሰኞ፣ ጠዋት 4፡05

ወንድሜ፣ እስከዚያው የሚያገለግልህ ነገር አለ። አይፒኮንፊግ /ፍላሽዲኤንኤስ የሚል ባች ፋይል ሠርተህ ማሽኑ ሲነሳ እንዲሮጥ አድርገው። ካሽ ውስጥ የተቀመጠ መጥፎ መልስ ይመስለኛል።


ለገሃሬ
ሰኞ፣ ጠዋት 4፡20

ሳቢያን፣ ካሹ መጥፎ መልስ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ላይ እስማማለሁ። ግን መጥፎውን መልስ የሰጠው ማነው? እሱ በቦታው እስካለ ድረስ ያጸዳኸው ካሽ በሚቀጥለው ጥያቄ ተመልሶ ይሞላል። በዚያ ላይ ማሽኑ ሲነሳ ካሹ ባዶ ነው፤ ባችህ የሚያጸዳው ነገር አያገኝም።


ከዚራ_አይቲ
ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡30

ዛሬ 8፡40 ላይ መብራት ሄዶ 9፡05 መጣ። እንዳላችሁት ይዣለሁ።

የታመመው ማሽን፦ አድራሻ 192.168.10.64፣ ዲኤችሲፒ 192.168.10.5፣ ዲኤንኤስ 192.168.10.5 እና 8.8.8.8። ኤንኤስሉክአፕ በሙሉ ስሙ 192.168.10.5 ብሎ በትክክል መለሰ። ፒንግ በሙሉ ስሙ «አስተናጋጁ አልተገኘም» አለ። ፒንግ በአጭር ስሙ ግን ሠራ። ይሄ ነው ያስገረመኝ። ካሹ ውስጥ የሰርቨሩ ስም አለ፤ ከስሩ «ስሙ የለም» ይላል።

ጤነኛው፦ አድራሻ 192.168.10.71፣ ዲኤችሲፒውም ዲኤንኤሱም ልክ እንደ ታመመው። ሁሉም ትእዛዝ ሠራ።

ሳዞር ሌላ ነገር አየሁ። ፎቅ ላይ ያሉ ሦስት ማሽኖች አድራሻቸው 192.168.0 ብሎ ነው የሚጀምረው። የኛ አይደለም።


ለገሃሬ
ረቡዕ፣ ማታ 1፡15

ጥሩ አድርገህ ነው የያዝከው። ሦስቱን የፎቅ ማሽኖች ለብቻ እናያቸዋለን፤ ሌላ በሽታ ናቸው።

የዋናው በሽታ ምክንያት 8.8.8.8 (ለሕዝብ ክፍት የሆነው የጉግል ዲኤንኤስ) ነው። ቁጥሩ ራሱ ምንም አላጠፋም፤ የተቀመጠበት ቦታ ነው ስህተቱ። ብዙ ቢሮ ሁለተኛውን ዲኤንኤስ እንደ ስኮርታ ጎማ ያስበዋል፦ የመጀመሪያው ሲተነፍስ ይገባል፣ ሲጠገን ይወጣል። እንደዚያ አይደለም የሚሠራው። ዊንዶውስ አንደኛውን ይጠይቃል፤ በ1 ሰከንድ ገደማ መልስ ካላገኘ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። ሁለተኛው «እንዲህ የሚባል ስም የለም» ካለው ያንን እንደ ሙሉ መልስ ይቀበለዋል። «የለም» መልስ ነው፤ ዝምታ አይደለም። ወደ አንደኛው ተመልሶ አያጣራም፣ ካሹ ውስጥ ያስገባዋል፣ ለጥቂት ጊዜም ከሁለተኛው ጋር መነጋገሩን ይቀጥላል።

ከዚራ ውስጥ ያለን ቤት አዲስ አበባ ላለ ሰው እንደመጠየቅ ቁጠረው። «አላውቅም» ቢልህ ሌላ ሰው ትጠይቃለህ። 8.8.8.8 ግን የሚልህ «እንዲህ ያለ ቤት የለም» ነው፤ የናንተ ድሬ.ሎካል በዓለም መዝገብ ውስጥ ስለሌለ ከሱ በኩል ትክክለኛ መልስ ነው።

አሁን ከመብራቱ ጋር አገናኘው። መብራት ሲመጣ ኤስኤስዲ ያለው ኮምፒውተር አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ይነሳል። ሰርቨርህ ግን ሃርድዌሩን ፈትሾ፣ ዊንዶውሱን አንስቶ፣ አክቲቭ ዳይሬክተሪውን (የተጠቃሚዎችና የማሽኖች መዝገቡን) ከፍቶ፣ ከዚያ በኋላ ነው ዲኤንኤሱ መልስ የሚጀምረው። ብቸኛ ዶሜን ኮንትሮለር ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል፤ አክቲቭ ዳይሬክተሪው ዲኤንኤስን፣ ዲኤንኤሱም አክቲቭ ዳይሬክተሪውን እርስ በርስ ይጠባበቃሉ። በዚያ ክፍተት የተነሱ ማሽኖች ሁሉ 192.168.10.5ን ጠይቀው ዝምታ አገኙ፣ 8.8.8.8ን ጠይቀው «የለም» ተባሉ። ዘግይቶ የተከፈተ ማሽን ሰርቨሩን ተነስቶ ስላገኘው ጤነኛ ሆነ። ግማሽ በግማሽ የሆነው በዚህ ነው፤ ሪስታርቱም አንዳንዴ የሚያድነው አንዳንዴ የማያድነው ሰርቨሩ በደረሰበት ደረጃ ነው። አንተ ኤንኤስሉክአፕ ስታደርግ ሰርቨሩ ተነስቷል፣ ስለዚህ ትክክለኛ መልስ ሰጠህ፤ ፒንግ ግን ካሹ ውስጥ ያለውን አሮጌ «የለም» ነው ያነበበው።

አጭር ስሙ የሠራው በሌላ መንገድ ነው። ዲኤንኤስ ሲያቅተው ዊንዶውስ ነጥብ የሌለውን አጭር ስም በዚያው ኔትወርክ ላይ «ፋይል1 ማነው?» ብሎ ይጣራል፣ ሰርቨሩ «እኔ ነኝ» ይላል። ነጥብ ያለበትን ሙሉ ስም ግን በዚህ መንገድ አይጠራም። ስለዚህ አጭር ስም ሠራ ማለት ዲኤንኤስ ሠራ ማለት አይደለም። ፈተና ሁልጊዜ በሙሉ ስም ይሁን። በዚህ ጥሪ ላይም አትደገፍበት፤ ማንም ማሽን «እኔ ነኝ» ብሎ መልስ መስጠት ይችላል፣ የይለፍ ቃል ለመስረቅም ይጠቀሙበታል።

ማስተካከያው፦ ዲኤችሲፒ መቆጣጠሪያው ላይ የስኮፑን (የሚታደሉት አድራሻዎች ክልል) አማራጮች ክፈት፣ 006 ዲኤንኤስ ሰርቨርስ ውስጥ 8.8.8.8ን አውጣና 192.168.10.5 ብቻ ይቅር። በሰርቨር ደረጃ የተጻፈውንም እይ፤ ስኮፑ ላይ ያለው የሰርቨር ደረጃውን ይሽራል፣ ለአንድ ማሽን በሪዘርቬሽን (አድራሻ ለብቻው ተይዞለት) የተጻፈው ደግሞ ስኮፑን ይሽራል። ሦስቱን ቦታ ሳታይ ጨረስኩ አትበል። 015 (የዶሜን ስም) ላይ ድሬ.ሎካል መጻፉን አረጋግጥ። ከዚያ በእያንዳንዱ ማሽን አይፒኮንፊግ /ሪኒው፣ ወይም ነገ ጠዋት ሲከፈቱ ራሳቸው ይወስዳሉ። አድራሻቸው በእጅ የተሞላ ማሽኖች ካሉ (ሂሳብ ክፍል ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው) እነሱን በእጅ ታስተካክላለህ።

የሰርቨሩ የራሱ ካርድ ላይም 8.8.8.8 እንዳይኖር። እሱ ራሱን ብቻ ይጠይቅ። 8.8.8.8 የሚገባበት ትክክለኛ ቦታ የዲኤንኤስ ሰርቨሩ ፎርዋርደርስ ገጽ ነው። እዚያ 8.8.8.8ን፣ 1.1.1.1ን፣ የኢንተርኔት አቅራቢያችሁንም ዲኤንኤስ መደርደር ትችላለህ፤ የውጭ ስም ሲሆን ብቻ ነው የሚጠየቁት።


ሳቢያን_ቴክ
ረቡዕ፣ ማታ 1፡40

ጋሼ፣ ያሉት ገብቶኛል። ግን ሰው 8.8.8.8ን የሚያስገባበት ምክንያት አለው። ሰርቨሩ የሞተ ቀን ኢንተርኔትም አብሮ ይሞታል። ኃላፊው ኢሜይል መክፈት አቅቶት «ፋይላችን ግን በትክክል ይፈታል» ብትለው አይሰማህም። አንድ ዲኤንኤስ ብቻ ትቶ መሄድም ልክ አይመስለኝም።


ደቻቱ_ኔት
ረቡዕ፣ ማታ 2፡10

ሳቢያን ልክ ነው፣ ጋሽ ለገሃሬም ልክ ናቸው። ሁለተኛ ይኑር፣ ግን ሁለተኛው የውስጡን ስም በተመለከተ ከመጀመሪያው የተለየ ነገር የማይናገር መሆን አለበት። ገንዘብ ካለ ሁለተኛ ዶሜን ኮንትሮለር ነው መፍትሔው፤ ዲኤንኤስና መግቢያ ብቻ ከሆነ ሥራው 4 ጊጋ ራም ያለው መለስተኛ ማሽን ይበቃዋል፤ የዊንዶውስ ሰርቨር ፈቃዱ ነው የሚከብደው። ገንዘብ ከሌለ ማይክሮቲኩ በእጅህ አለ።

ማይክሮቲኩ ላይ አይፒ፣ ከዚያ ዲኤንኤስ ግባ። ሰርቨርስ የሚለው ላይ 8.8.8.8 እና 1.1.1.1 ጻፍ፣ «አላው ሪሞት ሪኩዌስትስ»ን ምረጥ። ከዚያ ስታቲክ ውስጥ አዲስ መስመር፦ ስሙ ድሬ.ሎካል፣ «ማች ሰብዶሜን» የተመረጠ፣ ዓይነቱ ኤፍደብሊውዲ፣ «ፎርዋርድ ቱ» 192.168.10.5። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ በድሬ.ሎካል የሚያልቅ ማንኛውንም ጥያቄ ለሰርቨሩ ብቻ ያስተላልፋል፣ ሌላውን ወደ ውጭ ይጠይቃል። ሰርቨሩ ካልተነሳ ራውተሩ ስለ ፋይል1 «የለም» አይልም፣ መልስ ማግኘት አልቻልኩም ይላል። ዊንዶውሱም «የለም» የሚል መልስ ይዞ አይቀመጥም፣ ሰርቨሩ እንደተነሳ ያገኘዋል። ኢንተርኔቱም አይቆምም። አሁን ዲኤችሲፒ 006 ላይ 192.168.10.5 አንደኛ፣ 192.168.10.1 ሁለተኛ አድርግ።

ከቁጥር ወደ ስም የሚፈትሹ ፕሮግራሞች ካሉህ የተገላቢጦሹን ዞንም (10.168.192 ብሎ የሚጀምረውን) በተመሳሳይ መንገድ ጨምርበት።

ማስጠንቀቂያ፣ እባክህ እንዳትዘለው። «አላው ሪሞት ሪኩዌስትስ» ስትመርጥ ራውተሩ ከየትም ለመጣ ጥያቄ መልስ ይሰጣል፣ ከኢንተርኔት በኩል ለመጣውም ጭምር። ፋይርዎል ውስጥ ኢንፑት ሰንሰለት ላይ ከውጭው መስመር ወደ 53 (የዲኤንኤስ ፖርት) የሚመጣውን ዩዲፒም ቲሲፒም የሚጥል ሕግ አስገባ። ይህ ካልተደረገ አጥቂዎች አግኝተውት ሌላ ሰውን ለማጥቃት ይጠቀሙበታል፤ በናንተ በኩል የሚታየው ኢንተርኔቱ ያለ ምክንያት መክበዱና የራውተሩ ሲፒዩ ከፍ ማለቱ ነው።

ስትጨርስ ፈትነው፦ ኤንኤስሉክአፕ ፋይል1.ድሬ.ሎካል 192.168.10.1። መጨረሻ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚጠየቀውን ዲኤንኤስ ስለሚወስን ራውተሩ ራሱ መልስ እየሰጠ መሆኑን ታውቃለህ። መግቢያ የሚፈልገውን የኤስአርቪ ሬኮርድም (ዶሜን ኮንትሮለሩ የት እንዳለ የሚያሳየውን) በዚያው መንገድ ጠይቀው፤ የሰርቨሩ ስም ተገኝቶ ኤስአርቪው ካልተገኘ ሰው በዶሜን መግባት ያቅተዋል።


ጀጎል
ረቡዕ፣ ማታ 2፡35

እኔ ሐረር ነኝ። ቅርንጫፍ ነን፣ 9 ማሽን፣ ከድሬዳዋው ዋና ቢሮ ጋር በአይፒሴክ ቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚያልፍ የተመሰጠረ ዋሻ) ተገናኝተናል። ማሽኖቻችን በቀጥታ የድሬዳዋውን ሰርቨር ነው ዲኤንኤስ ያደረጉት። ቪፒኤኑ ሲቆረጥ ጉግልን እንኳን አናገኝም። ደቻቱ ያለው ለኛም ይሠራል? በማይክሮቲካችን ሞክሬ ነበር፤ ከማሽኖቹ ስጠይቅ ሰርቨሩ ይመልሳል፣ ራውተሩ ራሱ ሲጠይቅ ግን መልስ አይመጣም።


ደቻቱ_ኔት
ረቡዕ፣ ማታ 3፡00

ይሠራል፣ እህቴ። ለቅርንጫፍ እንዲያውም ከዋናው ቢሮ ይልቅ የሚያስፈልገው ነው። የሐረር ማሽኖች ዲኤንኤስ የሐረር ራውተር ብቻ ይሁን፣ ድሬ.ሎካልን በቪፒኤኑ ወደ 192.168.10.5 ያስተላልፍ፣ ሌላውን እዚያው ከሐረር ወደ ውጭ ይጠይቅ። ጉግልን ለማግኘት ጥያቄው ድሬዳዋ ደርሶ የሚመለስበት ምክንያት የለም።

ራውተሩ ሲጠይቅ መልስ የማይመጣው በመነሻ አድራሻው ነው። ማሽን ሲጠይቅ የመነሻ አድራሻው የሐረር ውስጥ ኔትወርክ ስለሆነ በአይፒሴክ ፖሊሲው ውስጥ ይወድቃል። ራውተሩ ራሱ ሲጠይቅ ግን የውጭ አድራሻውን ይዞ ይነሳል፤ ፖሊሲው አያውቀውም፣ ፓኬቱም ሳይመሰጠር ወደ ኢንተርኔት ወጥቶ ይጠፋል። ወደ 192.168.10.0/24 የሚሄድ ሩት ጨምሪ፣ ጌትዌዩን የውስጥ ብሪጅሽን አድርጊው፣ «ፕሪፈርድ ሶርስ» ላይ የሐረር ራውተርን የውስጥ አድራሻ ጻፊ። ያኔ ራውተሩ እንደ አንዱ የቢሮ ማሽን ሆኖ ይጠይቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። አጭር መልስ ያላቸው ስሞች ተፈትተው ረጅም መልስ ያላቸው ብቻ እምቢ ካሉ የዋሻው ስፋት ነው። ቪፒኤን ሲጨመርበት በአንድ ፓኬት የሚያልፈው ከ1500 ባይት ያንሳል፤ ትልቅ የዩዲፒ መልስ ይከፋፈላል፣ ቁራጩ መንገድ ላይ ይወድቃል። ማይክሮቲኩ ላይ የዩዲፒ ፓኬት መጠኑን 1232 አድርጊው፤ በ2020 የዲኤንኤስ ሶፍትዌር አምራቾች በጋራ እንዲሆን የመከሩት መጠን ነው። ከዚያ የበለጠ መልስ በቲሲፒ ይመጣል፣ ስለዚህ ፋይርዎል ላይ በቪፒኤኑ በኩል ቲሲፒ 53ም ክፍት ይሁን። ብዙ ሰው ዩዲፒውን ብቻ ከፍቶ ይተወዋል።


ሳቢያን_ቴክ
ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡50

ከዚራ፣ ወደ ሦስቱ የፎቅ ማሽኖች እንመለስ። አንድ ሰው ከገበያ የገዛውን ዋይፋይ ራውተር ግድግዳው ላይ ሰክቶታል፤ ገመዱንም በዋን (የኢንተርኔት መግቢያ) ፈንታ በላን (የውስጥ ኔትወርክ) ቀዳዳው ነው የሰካው። ቤት ውስጥ የሚገባው ራውተር የራሱ ዲኤችሲፒ አለው። መብራት ሲመጣ እሱ በሰከንዶች ይነሳል፣ ሰርቨርህ ገና ነው። ማሽኑ «አድራሻ የሚሰጠኝ አለ?» ሲል ቀድሞ የመለሰውን ይቀበላል፤ ከአድራሻው ጋር ጌትዌይና ዲኤንኤስም ከሱ ይወስዳል።

ፈልጎ ለማግኘት፦ በአንዱ የታመመ ማሽን አይፒኮንፊግ /ኦል ላይ «ዲኤችሲፒ ሰርቨር» የሚለውን ቁጥር ያዝ፣ 192.168.0.1 ይሆናል። እሱን ፒንግ አድርግና ኤአርፒ -ኤ በል፤ የማክ አድራሻው (የኔትወርክ ካርዱ መለያ) ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ፊደልና ቁጥር አምራቹን ይነግሩሃል። ከዚያ ስዊቹ ላይ ገብተህ የማክ ሠንጠረዡን ስታይ ያ ማክ የተቀመጠበት ፖርት ይታያል፣ ገመዱን ተከትለህ ክፍሉ ትደርሳለህ። ስዊችህ የማይገባበት ተራ ስዊች ከሆነ ፒንግ -ቲ እያደረግክ ገመዶቹን አንድ በአንድ ንቀል፤ ፒንጉ የቆመበት ገመድ እሱ ነው። ይህን ከሥራ ሰዓት ውጭ አድርገው።

ስታገኘው አትውሰድባቸው፤ ሰዎቹ ዋይፋይ ስላስፈለጋቸው ነው የገዙት። የራውተሩን ዲኤችሲፒ አጥፋ፣ አድራሻውን ከናንተው ውስጥ ክፍት የሆነ ቁጥር ስጠው፣ በላን ቀዳዳው እንደተሰካ ይቆይ፤ ዋይፋይ ማሰራጫ ብቻ ይሆናል። ስዊችህ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ (ካልታመነ ፖርት የመጣን የዲኤችሲፒ መልስ የሚጥል) ካለው የሰርቨሩን ፖርትና ሁለቱን ስዊቾች የሚያገናኘውን ፖርት «የታመነ» አድርገህ አብራው። ማገናኛውን ረስተህ ካበራኸው አንዱ ፎቅ በሙሉ አድራሻ ያጣል።


ለገሃሬ
ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡05

ሳቢያን ያለው ሁሉ ትክክል ነው። የምጨምረው፣ በአይፒኮንፊግ /ኦል ላይ ከዲኤንኤሶቹ መካከል ኤፍኢ80 ብሎ የሚጀምር ረጅም አድራሻ ካየህ ራውተር በአይፒቪ6 በኩል ራሱን ዲኤንኤስ አድርጎ እያስተዋወቀ ነው። ዲኤችሲፒውን ብታጠፋውም ይህ አይጠፋም። የዋይፋይ ራውተሩ ላይ የአይፒቪ6 ማስተዋወቂያውን ለብቻው ዝጋው። የኮምፒውተሮቹን አይፒቪ6 ግን አታጥፋ፤ ማይክሮሶፍት ራሱ አይመክርም።


ከዚራ_አይቲ
ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡30

006ን አስተካክያለሁ፤ ስኮፑ ላይም በሰርቨር ደረጃም ነበር። ሂሳብ ክፍል 5 ማሽን በእጅ ተሞልቶ አግኝቼ ቀየርኩ። ማይክሮቲኩ ላይ ኤፍደብሊውዲውንና የ53 ሕጉን አስገብቻለሁ። የዋይፋይ ራውተሩም ልክ በላን ተሰክቶ ተገኘ፤ ዲኤችሲፒው ጠፍቷል።

ትናንት ማታ መብራት ሄዶ መጣ፣ ዛሬ ጠዋትም አንዴ። 37ቱ ሰርቨሩ እንደተነሳ ያለ ምንም ሪስታርት በሙሉ ስሙ ከፈቱ። የቀረው አንድ ብቻ ነው። በስሙ እምቢ፣ በቁጥሩ እሺ። ግን ፒንግ በሙሉ ስሙ ይሠራል፣ ኤንኤስሉክአፕም ይሠራል፣ ዲኤንኤሱም ትክክል ነው። ሆስትስ ፋይሉንም አይቻለሁ፣ ንጹሕ ነው።


ለገሃሬ
ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡50

ፒንጉ በስሙ ከሠራ ዲኤንኤሱ ሥራውን ጨርሷል። የማሽኑን ሰዓት እየው። ታስክባሩ ላይ ስንት ይላል?


ከዚራ_አይቲ
ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡58

4፡58 ነው የሚለው። ትክክል ነው።


ለገሃሬ
ቅዳሜ፣ ጠዋት 5፡20

ለሐበሻ ሰዓት ትክክል ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን 6 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ሌሎቹ ማሽኖች 10፡58 ነው የሚሉት። ተጠቃሚው የእጅ ሰዓቱን እንዲመስልለት በእጁ አዙሮታል።

በስም ስትከፍት ዊንዶውስ ማንነትህን የሚያረጋግጠው በከርቤሮስ ነው። ከርቤሮስ በማሽኑና በሰርቨሩ ሰዓት መካከል ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት አይቀበልም። በቁጥር ስትከፍት ከርቤሮስን ትቶ ኤንቲኤልኤም በሚባለው አሮጌው መንገድ ይገባል፣ እሱ በሰዓት ልዩነት ላይ እንዲህ ጥብቅ አይደለም። «በስም እምቢ፣ በቁጥር እሺ» ሲባል ሁሉም ሰው ዲኤንኤስ ላይ የሚዘምተው በዚህ ምክንያት ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ፒንግ ስሙን ወደ ቁጥር ከመለሰ ዲኤንኤስን ተወው፣ ሰዓትና መግቢያ ላይ ሂድ።

ሰዓቱን ወደ ራስ ሰር መልሰው፣ የጊዜ ክልሉ «+03፡00 ናይሮቢ» ይሁን፣ ከዚያ እንደ አድሚን ዳብሊው32ቲኤም /ሪሲንክ በል። ተጠቃሚው የሐበሻ ሰዓት ማየት ከፈለገ መብቱ ነው፣ ያለ ጉዳት ማድረግም ይቻላል። የጊዜ ክልሉን «-03፡00 ካየን፣ ፎርታሌዛ» አድርግለት። የሚታየው ሰዓት 6 ሰዓት ይቀነሳል፣ ከርቤሮስ የሚያየው ዓለም አቀፉ ሰዓት ግን አይነካም። የፋይሎች ሰዓትና የኢሜይል ሰዓት በሱ ማሽን ላይ በዚያው ልክ ተቀንሰው እንደሚታዩ ንገረው፤ ሂሳብ ክፍል ላይ ግን አላደርገውም። ሰዓት መቀየር መቻሉ ራሱ የማሽኑ አድሚን መሆኑን ያሳያል፤ እሱንም ተመልከተው።

ሰዓቱ መብራት በሄደ ቁጥር ወደ ብዙ ዓመት ኋላ የሚመለስ ሌላ ማሽን ካጋጠመህ ግን ሰው አይደለም፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ ነች። አዲሷ 3 ቮልት ነች፤ በመልቲሜትር ለክተህ ከ2.7 በታች ካገኘሃት ቀይራት።


ከዚራ_አይቲ
ቅዳሜ፣ ከሰዓት 8፡15

አቦ፣ ሰዓቱ ነበር! አሁን 38ቱም ይከፍታሉ። አምላክ ይስጥልኝ ሁላችሁንም።

የሰርቨሩን መዘግየት ራሱን ለማሳጠር የሚደረግ ነገር አለ?


ደቻቱ_ኔት
ቅዳሜ፣ ከሰዓት 8፡40

ዩፒኤሱን (መብራት ሲሄድ የሚይዘውን ባትሪ) ከሰርቨሩ ጋር በዩኤስቢ አገናኘው፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩ ራሱን በሥርዓት ይዝጋ። ተቆርጦ የጠፋ ሰርቨር ሲነሳ ዲስክና የአክቲቭ ዳይሬክተሪ መዝገቡን እየፈተሸ ነው ጊዜ የሚፈጀው። ባዮሱ ላይ መብራት ሲመጣ ራሱ እንዲነሳ አድርገው፤ ካልሆነ የሚያበራው ሰው እስኪመጣ ሁሉም ይጠብቃል። ራውተሩንና የሰርቨሩን ስዊች በዚያው ዩፒኤስ ላይ ስካ፤ የሚበሉት ትንሽ ነው።

የድሬን ሙቀት ደግሞ አስብበት። የዩፒኤስ እርሳስ ባትሪ ዕድሜው የሚሰላው በ25 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። የሰርቨሩ ክፍል ኤሲ ማታ የሚጠፋ ከሆነ 4 ዓመት የተባለልህ ባትሪ በ2 ዓመት ያልቃል። በየ3 ወሩ ዩፒኤሱን ከሶኬቱ ነቅለህ ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ ለካና ክዳኑ ላይ ጻፈው። ከ10 ደቂቃ ሲያንስ ባትሪውን ቀይረው፣ በመብራት መቋረጥ መሐል አትጠብቀው።